ማንም ሳይገባበት የሚሠራ ሰርቨር፦ በቤት ኮምፒውተር ላይ ሰርቪስ እንዴት ይጫናል?

የፎቶ ማከማቻ፣ የፊልም ማጫወቻ ወይም የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ሰርቨር በራስ ኮምፒውተር ላይ ማስነሳት ከባድ አይደለም። ፕሮግራሙን ያወርዳሉ፣ ተርሚናል ከፍተው ትእዛዙን ይጽፋሉ፣ ብራውዘሩ ላይ ገጹ ብቅ ይላል። ያኔ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ግን ተርሚናሉን ሲዘጉት ሰርቨሩም አብሮ ይጠፋል። ሳይዘጉት ቢተዉት እንኳ ኮምፒውተሩ ሌሊት ዝማኔ ጭኖ ሪስታርት ያደርጋል፤ ጠዋት አንድ የቤተሰብ አባል ፎቶ ሲፈልግ ገጹ አይከፈትም። ሰርቨሩን ሰርቪስ ማድረግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ሰርቪስን «ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ የሚነሳ ፕሮግራም» አድርጎ ይረዳዋል። ስህተት አይደለም፣ ግን ጎደሎ ነው፤ ሰውን ሰዓታት የሚያስለፋውም ያልተነገረው ክፍል ነው። ሰርቪስ ስርዓተ ክወናው ራሱ የሚያስነሳው፣ የሚከታተለው፣ ሲወድቅ መልሶ የሚያነሳው፣ ኮምፒውተሩ ሲዘጋም በሥርዓት የሚያቆመው ፕሮግራም ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ማንም ሰው ይለፍ ቃሉን አስገብቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይገባ ነው።

ፕሮግራምን በእጅዎ ሲያስነሱት ሳያስተውሉት ብዙ ነገር ያበድሩታል። በእርስዎ ስም ስለሚሠራ እርስዎ መክፈት የሚችሉትን ፋይል ሁሉ ይከፍታል። እርስዎ ካሉበት ፎልደር ስለሚነሳ የቅንብር ፋይሉን እዚያው ያገኘዋል። እርስዎ ያገናኙትን የኔትወርክ ዲስክ ያያል። የሚጠይቀው ነገር ካለ በስክሪንዎ ላይ ይጠይቅዎታል። ሰርቪስ ሲሆን ግን አበዳሪው የለም። ስለዚህ ሰርቪስ መጫን ማለት ፕሮግራሙ ከእርስዎ ሲበደር የኖረውን እያንዳንዱን ነገር በጽሑፍ መስጠት ነው። «በእጄ ሳስነሳው ይሠራል፣ ሰርቪስ ሳደርገው እምቢ ይላል» ለሚለው የተለመደ ቅሬታ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ይገኛል።

ሰርቪሶችን የሚያስተዳድረው ክፍል በሊኑክስ፣ በማክና በዊንዶውስ ይለያያል። በአብዛኞቹ ሊኑክሶች ላይ ሲስተምዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ሆኖ በ2011 ፌዶራ 15፣ በ2015 ደግሞ ዴቢያን 8 እና ኡቡንቱ 15.04 የተባሉት የሊኑክስ ስሪቶች መደበኛ አደረጉት። ማክ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 ታይገር ከተባለው የማክ ስሪት ጋር የመጣው ላውንችዲ አለ። ዊንዶውስ የራሱ የሰርቪስ መቆጣጠሪያ አለው። እኔ ምርጫ ካለ ሊኑክስን እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር በአንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ስለሚነበብ ነው። ዋናውን ማብራሪያም በእሱ ላይ አደርጋለሁ፤ ጥያቄዎቹ ግን በሦስቱም ላይ አንድ ናቸው።

አንድ ነገር አስቀድመው ያረጋግጡ፦ ሰርቪሱ ከነአካቴው ተዘጋጅቶ መጥቶ እንደሆነ። ለምሳሌ የፊልም ሰርቨሩን ጄሊፊንን ለዴቢያን ወይም ለኡቡንቱ በተዘጋጀው ጥቅል ከጫኑት፣ ጥቅሉ የራሱን ተጠቃሚና የሰርቪስ ፋይል ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ የራስዎን አይጻፉ። አዘጋጆቹ ዝማኔ ሲያወጡ ፋይሉን አብረው ያስተካክሉልዎታል።

ከሌለ ግን በ/ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሲስተም ፎልደር ውስጥ ስሙ በነጥብና «ሰርቪስ» በሚለው ቃል (.service) የሚያልቅ ፋይል ይፈጥራሉ። ዩኒት፣ ሰርቪስና ኢንስቶል የሚባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ተደምሮ ከአሥራ አምስት መስመር አይዘልም።

በማን ስም ይሥራ?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። በፋይሉ ውስጥ ዩዘር የሚለውን መስመር ካልጻፉ ሰርቪሱ ሩት በሚባለው ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ ስም ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የማይከፍተው ፋይል አይኖርም ማለት ነው። ነገ ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ቢገኝ፣ በቀዳዳው የገባው ሰው ፊልሞችዎን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ኮምፒውተር ይወስዳል። «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል መልእክት ሲመጣ በሩት ማስነሳት ነገሩን ወዲያው ስለሚያስኬደው ብዙ መመሪያ ይህን ይመክራል። አጥብቄ የምቃወመው ምክር ነው። መልእክቱ የሚነግርዎት አንድ የተለየ ፋይል ላይ ፈቃድ እንደጎደለ ነው፤ መልሱም ያንን ፈቃድ መስጠት እንጂ ሁሉንም በር መክፈት አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ ለሰርቨሩ ብቻ የሚሆን የሲስተም ተጠቃሚ በዩዘርአድ ትእዛዝ መፍጠር ነው። ሼሉን፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀባዩን ፕሮግራም፣ ኖሎጊን ያድርጉት፤ በዚያ ስም ማንም ተርሚናል ውስጥ ሊገባ አይችልም። ከዚያ ሰርቨሩ የሚጽፍበትን ፎልደር በቻውን ትእዛዝ ለአዲሱ ተጠቃሚ ያስረክባሉ። ፎቶና ፊልም የተቀመጠበትን ፎልደር ግን ሰርቨሩ ማንበብ ብቻ ከበቃው ማንበብ ብቻ ይፍቀዱለት። ማጥፋት የማይችለውን ነገር ቢሳሳትም አያጠፋውም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። ፎልደሩን በትክክል ፈቅደው ሳለ ሰርቪሱ አሁንም «አልተፈቀደም» ይላል። ምክንያቱ ከላይ ያለው ፎልደር ነው። አንድ ተጠቃሚ ወደ ውስጠኛው ፎልደር ለመድረስ በመንገዱ ላይ ባሉት ሁሉ ማለፍ መቻል አለበት፤ ኡቡንቱ ደግሞ ከ21.04 ጀምሮ አዲስ የሚፈጠሩ የተጠቃሚዎችን መነሻ ፎልደር ለሌሎች ዝግ አድርጎታል። ስለዚህ ለሰርቨር የሚሆን መረጃ በግል ፎልደርዎ ሥር አያስቀምጡ። ለአገልግሎት መረጃ የተመደበው /ኤስአርቪ ወይም /ቫር/ሊብ ይሻላል።

ሰዎችን ወደ ሩት የሚገፋ ሌላም ምክንያት አለ። ሊኑክስ ላይ ከ1024 በታች ያሉትን ፖርቶች (ፕሮግራም የኔትወርክ ጥያቄ የሚቀበልባቸውን ባለቁጥር በሮች)፣ 80ንና 443ን ጨምሮ፣ ተራ ተጠቃሚ መክፈት አይችልም። ለቤት ግን ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ጄሊፊን 8096፣ የቤት ዕቃዎችን የሚቆጣጠረው ሆም አሲስታንት 8123 ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም ከ1024 በላይ ናቸው። የግድ 443 ካስፈለገም ሲስተምዲ ዝቅተኛ ፖርት የመክፈቻውን ፈቃድ ብቻ ነጥሎ ለሰርቪሱ መስጠት ይችላል።

ከየት ይነሳ፣ ምን ይዞ?

ኤግዜክስታርት የሚለው መስመር የሚነሳውን ፕሮግራም ይናገራል። ሙሉ አድራሻውን፣ ከመጀመሪያው ጭረት ጀምሮ ይጻፉ። በግል ቅንብርዎ ያስገቡትን የፕሮግራም መፈለጊያ መንገድ ሰርቪሱ አያውቀውም፤ ባሽአርሲ የሚባለውን የቅንብር ፋይልዎን ማንም አያነብለትም። መስመሩ በሼል ውስጥ ስለማያልፍም ሁለት ትእዛዞችን በምልክት ማያያዝ አይሠራም። ፕሮግራሙ የቅንብር ፋይሉን ካለበት ፎልደር የሚፈልግ ከሆነ ወርኪንግ ዳይሬክተሪ የሚለውን መስመር ይጨምሩ። የመረጃ ቋት ይለፍ ቃልን የመሰለ ምስጢር ደግሞ ሰርቪስ ፋይሉ ውስጥ አይጻፍም፤ ያን ፋይል በኮምፒውተሩ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ ማንበብ ይችላልና። ኢንቫይሮንመንት ፋይል በሚለው መስመር ሌላ ፋይል ይጠቁሙና የዚያን ፋይል ፈቃድ 600፣ ማለትም ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት፣ ያድርጉት።

ብዙ የሰርቨር ፕሮግራሞች «ወደ ጀርባ ሂድ» የሚል የራሳቸው አማራጭ አላቸው። አይጠቀሙበት። ፕሮግራሙ ራሱን ወደ ጀርባ ሲወስድ መጀመሪያ የተነሳው ክፍል ይዘጋል፤ በተራው አሠራር ያንን የሚጠብቀው ሲስተምዲ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ፕሮግራሙ ፊት ለፊት ይሥራ፤ ጀርባው የሲስተምዲ ጉዳይ ነው።

መቼ ይነሳ?

ኮምፒውተር ሲበራ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ነው የሚነሳው። ሰርቨሩ ከኔትወርኩ ቀድሞ ሊነሳና አድራሻ አጥቶ ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው ኔትወርክ-ኦንላይን ታርጌት የሚለውን በአፍተርም በዋንትስም መስመር መጻፍ ነው። አፍተር ቅደም ተከተልን ብቻ ይናገራል፤ ኔትወርኩ እስኪደርስ የሚጠብቀው ክፍል እንዲነሳ የሚጠይቀው ዋንትስ ነው።

ከኔትወርኩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ዲስኩ ነው። ፎቶዎቹ በውጭ ዲስክ ላይ ናቸው እንበል። አንድ ቀን ዲስኩ ዘግይቶ ይነሳል፣ ወይም ገመዱ ላልቷል። ዲስኩ የሚታይበት ፎልደር ግን ባዶውን ቆሞ አለ። ሰርቨሩ ይነሳል፣ ባዶ ፎልደር ያያል፣ ስህተት መኖሩንም አያውቅም። እንደ ፕሮግራሙ ጠባይ «ፎቶዎቹ ተሰርዘዋል» ብሎ ዝርዝሩን ከመረጃ ቋቱ ሊያጠፋ ይችላል። ወይም አዲስ የሚመጡትን ፎቶዎች በዋናው ዲስክ ላይ በዚያው ባዶ ፎልደር ውስጥ ይጽፋል፤ በኋላ ዲስኩ ሲገናኝ እነዚያ ፎቶዎች ከሥሩ ይሸፈኑና የጠፉ ይመስላሉ። ይህን ሁሉ የሚከለክለው አንድ መስመር ነው፦ ሪኳየርስ ማውንትስ ፎር፣ ቀጥሎም የፎልደሩ አድራሻ። ዲስኩ የሚገናኙ ዲስኮች በሚዘረዘሩበት የኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ የተመዘገበ ከሆነ፣ ሳይገናኝ ሰርቪሱ አይነሳም። መረጃውን ባዶ አድርጎ ከሚያሳይ ሰርቨር ያልተነሳ ሰርቨር ይሻላል።

ቢወድቅስ፣ ሲቆምስ?

ሪስታርት በሚለው መስመር ኦን-ፌይለር ብለው ከጻፉ ፕሮግራሙ በስህተት ሲወድቅ ሲስተምዲ መልሶ ያነሳዋል። መልሶ ከማንሳቱ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ ካልተነገረው 100 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ተነስቶ ከወደቀ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ሁለቱን ሲያገናኟቸው የሚሆነውን ያስተውሉ፦ ለአጭር ጊዜ የጠፋ ኔትወርክ አምስቱንም ዕድል በአፍታ ሊያስጨርስ ይችላል፤ ኔትወርኩ ሲመለስ ሰርቨሩ አይመለስም። ስለዚህ በሪስታርትሴክ መስመር 10 ሰከንድ ያህል ይስጡት።

ማቆሙም የራሱ ሕግ አለው። ሲስተምዲ መጀመሪያ በጨዋ ምልክት «ጨርስ» ይለዋል፤ በተለመደው ቅንብር 90 ሰከንድ ጠብቆ ካልቆመ በግድ ይገድለዋል። ትልቅ የመረጃ ቋት ያለው ሰርቨር ከዚያ በላይ ጊዜ ከፈለገ ታይምአውትስቶፕሴክ በሚለው ይጨምሩለት።

ፋይሉ ሲያልቅ በሲስተምሲቲኤል ትእዛዝ መጀመሪያ ዴመን-ሪሎድ ይላሉ፣ ሲስተምዲ አዲሱን ፋይል እንዲያነብ። ስታርት አሁን ያስነሳዋል። ኤኔብል ደግሞ ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር እንዲነሳ ያደርገዋል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ስታርት ብቻ ብሎ የረካ ሰው ከሚቀጥለው ሪስታርት በኋላ ሰርቨሩን አያገኘውም። ኢንስቶል የሚለው ክፍል የሚያስፈልገውም ለኤኔብል ነው፤ እዚያ ዋንትድባይ ብለው መልቲ-ዩዘር ታርጌትን ይጻፉ።

እምቢ ካለ የሲስተምዲን መዝገብ ወደሚያሳየው ጆርናልሲቲኤል ትእዛዝ ይሂዱ። ፕሮግራሙ ስክሪን ላይ ይጽፈው የነበረው ሁሉ አሁን እዚያ ነው የሚከማቸው። በሲስተምሲቲኤል ስታተስ ሲሉ የሚያሳይዎት ቁጥርም ብዙ ይናገራል፦ 203 ፕሮግራሙን ማስነሳት አልተቻለም ማለት ነው፤ አድራሻው ተሳስቷል ወይም የማስኬድ ፈቃድ የለውም። 200 ወደ ሥራ ፎልደሩ መግባት አልተቻለም፣ 217 የተጻፈው ተጠቃሚ የለም ማለት ነው።

በዊንዶውስ፣ በማክና በዶከር

ዊንዶውስ ላይ ማንኛውንም ፕሮግራም እንዲሁ ሰርቪስ ማድረግ አይቻልም። ፕሮግራሙ የሰርቪስ መቆጣጠሪያውን ቋንቋ ማወቅና ሲጠራ በጊዜው መመለስ አለበት፤ ካልመለሰ ስህተት 1053 ይመጣል። ይህን ስህተት ሲያዩ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ፤ ለሰርቪስነት ያልተጻፈ ሊሆን ይችላል። ኤንኤስኤስኤም እና ዊንኤስደብሊው የሚባሉ ነጻ መሣሪያዎች በመካከል ገብተው ይተረጉሙለታል።

ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሰርቪሶች ዜሮ በሚባል ለብቻው በተከለለ ክፍለ ጊዜ (ሴሽን) ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ መስኮት ቢከፍቱ ማንም አያየውም። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲነሳ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ ካለው አንድ ጊዜ በእጅ አስነስተው ያሳልፉት፣ ሰርቪሱ በሚሠራበት ስም ቢሆን ይመረጣል። ዜድ ብለው ያገናኙት የኔትወርክ ዲስክም ለእርስዎ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ስለሆነ ሰርቪሱ አያየውም፤ በሁለት የኋላ ጭረት የሚጀምረውን ሙሉ የኔትወርክ አድራሻ ይስጡት። የሥራ ፎልደሩም ካልተነገረው ሲስተም32 ነው። ሎካል ሲስተም የሚባለው አካውንት የሩት ያህል ጉልበት አለው፤ ለፊልም ሰርቨር ያን ያህል ጉልበት አይሰጥም። ሎካል ሰርቪስ ወይም ለብቻው የተፈጠረ ተጠቃሚ ይሻላል።

ማክ ላይ የሚሳሳቱት ቦታውን ነው። ላውንች ኤጀንትስ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ፋይል ሰው ሲገባ ብቻ ነው የሚነሳው። ማንም ሳይገባ እንዲነሳ ዋናው ላይብረሪ ሥር ባለው ላውንች ዴመንስ ውስጥ ይቀመጣል፤ የፋይሉ ባለቤትም ሩት መሆን አለበት። እዚያም ዩዘርኔም የሚለውን መጻፍ አይርሱ።

ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ በሚያስኬደው በዶከር ለሚጭኑ አብዛኛው ይቀልላል፤ የሪስታርት ደንቡን አንለስ-ስቶፕድ ማድረግ ይበቃል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። ዊንዶውስና ማክ ላይ ዶከር ዴስክቶፕ የሚነሳው ሰው ሲገባ ነው፣ ስለዚህ ሪስታርት ካደረገ በኋላ መግቢያው ላይ የቆመ ኮምፒውተር ሰርቨር የለውም። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ዶከር የሚከፍተው ፖርት ዩኤፍደብሊው በሚባለው ፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ) ውስጥ አያልፍም፤ ዘግቼዋለሁ ያሉት ፖርት ክፍት ሊሆን ይችላል።

ማን ያየዋል?

127.0.0.1 ላይ የሚያዳምጥ ሰርቨር ከዚያው ኮምፒውተር በቀር ማንም አይደርስበትም። 0.0.0.0 ካሉት በሁሉም የኔትወርክ መስመር ያዳምጣል፤ ስልክዎ የሚያገኘው ያኔ ነው፣ ፋየርዎሉም ፖርቱን ከፈቀደ። የኮምፒውተሩ የውስጥ አድራሻ እንዳይቀያየር ራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ ያስይዙለት።

ከቤት ውጭ መጠቀም የፈለገ ሰው ራውተሩ ላይ ፖርት ለመክፈት ይቸኩላል። ለቤተሰብ አገልግሎት ይህን አልመክርም። ክፍት ፖርት ባለቤቱ ለማንም ባይነግርም ይገኛል፤ ኢንተርኔቱን ቀን ከሌት የሚያስሱ ማሽኖች አሉ። እንደ ዋየርጋርድ ያለ ቪፒኤን፣ ማለትም የተመሰጠረ የግል መስመር፣ ሲጠቀሙ ሰርቨሩ ራሱ ለዓለም አይታይም፤ ዋየርጋርድም ትክክለኛ ቁልፍ ለሌለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። አንዳንድ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ። የራውተርዎ የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ እንዲህ ነውና ፖርት መክፈቱም አይሠራም። ያኔ እንደ ቴይልስኬል ያለ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ግንኙነት የሚፈጥር መሣሪያ ያስፈልጋል።

የቤት ኮምፒውተር መሆኑን አለመርሳት

እስካሁን ያለው ሁሉ ትክክል ሆኖ ኮምፒውተሩ ከተኛ ሰርቪሱም ይተኛል። የእንቅልፍ ቅንብሩን ያጥፉ። ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ሎጊንድ በሚባለው ቅንብር ውስጥ ሃንድልሊድስዊችን ኢግኖር ያድርጉት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲበራም ባዮስ በሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር ውስጥ ኤሲ (መብራት) ሲመለስ ምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ አማራጭ ይፈልጉ። ሙሉ ዲስኩ በይለፍ ቃል የተመሰጠረ ከሆነ ግን፣ ማክ ላይ ፋይልቮልት የሚባለው ምስጠራ ሲበራም ጭምር፣ ኮምፒውተሩ ቢበራም ሰው መጥቶ እስኪከፍተው ይጠብቃል፤ ከዚያ በፊት የትኛውም ሰርቪስ አይነሳም። ምስጠራውን እንዲያነሱ አልመክርም። ከመብራት መጥፋት በኋላ አንድ ሰው መኖር እንዳለበት ብቻ አስቀድመው ይወቁት።

መጫኑ መሳካቱን የሚያረጋግጠው ሪስታርት ነው። ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ፣ ይለፍ ቃል ሳያስገቡ ይተዉት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ገጹን ከስልክ ይክፈቱ። ከተከፈተ ፕሮግራሙን በኪል ትእዛዝ ይግደሉትና ተመልሶ መነሳቱን ይዩ። ትእዛዙን ሲሰጡ ናይን የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ፤ ያለሱ በሥርዓት እንደቆመ ተቆጥሮ ኦን-ፌይለር ላያነሳው ይችላል። የውጭ ዲስክ ካለዎት ኮምፒውተሩን አጥፍተው ዲስኩን ይንቀሉ፣ ያብሩትና ሰርቪሱ ለመነሳት እምቢ ማለቱን ያረጋግጡ።

ባክአፕ ሲይዙም ሰርቪስ መሆኑ ያግዛል። ብዙ የቤት ሰርቨሮች መረጃቸውን ኤስኪውላይት በሚባል የመረጃ ቋት ፋይል ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ያ ፋይል እየተጻፈበት ሳለ ተራ ኮፒ ቢወሰድ ቅጂው የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ሰርቪሱን ስቶፕ ይበሉ፣ ፎልደሩን ወደ ሌላ ዲስክ ይቅዱ፣ መልሰው ስታርት ይበሉ። ዝማኔ ከመጫንዎ በፊትም ይህንኑ ያድርጉ፣ ምክንያቱም አዲሱ ስሪት የመረጃ ቋቱን ቅርጽ ከቀየረው በኋላ አሮጌው ስሪት ላያነበው ይችላል። የሰርቪስ ፋይሉንና የምስጢር ፋይሉን ከቅጂው ጋር አብረው ያስቀምጡ።